የስብሰባው ለቅሶ

ጋሽ ወልደሚካኤል «በሕይወት ላለ ሰው ጥሩምባ አልነፋም» ብለው ድርቅ አሉ። ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው በምክር ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከዚያ ወዲህ የዕድሩን ጥሩምባ የያዙ ሰው ናቸው። በሠፈሩ ማን እንደሞተ የሚታወቀው በእሳቸው ትንፋሽ ነበር፤ እሳቸው ካልነፉ ማንም አይሞትም እያለ የሚቀልድም አልጠፋም።

ሐሳቡን ያመጣችው ወርቅነሽ ናት። ወርቅነሽ በፈትል ፋብሪካው ክር የምታጠነጥን፣ ለምክር ቤቱ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ ብቸኛዋም እሷው። ምክር ቤት ሲባል ትልቅ አዳራሽ የሚመስለው ካለ ይተወው። የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋም የሚለው አዋጅ በወጣ ሰሞን የፈትሉ፣ የብረታ ብረቱና የባቡሩ ሠራተኞች ተባብረው ያቆሙት፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለው ነገር ነው። ዕድሩም እሱው ነበር። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና የቀብር አካፋው እዚያችው ክፍል ጥግ ተከምሯል። የታመመ ያስታምማሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፣ ማታ ማታ ፊደል ላልቆጠረ ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ቀን ደግሞ ከአለቆች ጋር ሲነታረኩ ይውላሉ።

በዚያ ሰሞን የሚነታረኩት ስለ ዳሲቱ ነበር። ዳሲቱ የአገሬው ገበሬ ልጅ ናት፤ ፋብሪካው የቆመበት መሬት የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱን የወሰደው ፋብሪካ እሷንም ለሥራ ወሰዳት፤ ከዚያ ማሽኑ ቀኝ እጇን ከአንጓው በላይ ያዘና አደቀቀው። ከሐኪም ቤት ወጥታ ስትመለስ ዘበኛው በሩ ላይ «ስምሽ ተሰርዟል» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ እጅ ላላት ሴት ፈትል ምን ያደርግላታል ብለው ነዋ! የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቡልቻ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ከርሞ ያተረፈው ስድብ ብቻ ነበር። በመጨረሻም ምክር ቤቱ ያለ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ ከፖሊስ ትእዛዝ መጣ። ፈቃድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ደግሞ ፈቃድ ሰጪው ሁልጊዜ የሉም።

ሥራ ለማቆም ግን የአባላቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ድምፅ ሳይሰጡ ቢያቆሙ አመፀኞች ተብለው ወህኒ መውረዳቸው ነው። ድምፅ እንዳይሰጡ ደግሞ መሰብሰብ አይችሉም። ይህን ነገር ሲያገላብጡ ሰንብተው ነው ወርቅነሽ አንድ ቀን «ለቅሶ የሚከለክል ፖሊስ የለም» ያለችው።

«ሬሳ ከየት ልናመጣ ነው?» አለ ቡልቻ።

«ሬሳ አያስፈልግም። መርዶ ነው። ሩቅ አገር የሞተ ሰው።»

ሩቅ አገር ያለ ሰው ደግሞ እሷ ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ገብረጻድቅ አዋሽ ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። ወደዚያ ሳይዛወር አቃቂ ሲሠራ ከሁሉ ጋር የተዋደደ፣ ተጫዋች፣ ስሙ ከተጠራ ከብረታ ብረቱም ከፈትሉም ሰው ነቅሎ የሚመጣለት ልጅ ነበር። ወርቅነሽ ሳታስፈቅደውም አልቀረችም፤ ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዘው በቀለ ወሬውን አድርሶ መልሱን አምጥቶላታል። «ግደሉኝ በላት» ብሏል ገብረጻድቅ እየሳቀ። «ግን ከልብ ታልቅስ። ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ምራቁን እንደተቀባ በኋላ ትነግረኛለህ።»

«እናትሽስ?» አለ ቡልቻ።

እናትየው ወይዘሮ በላይነሽ ሞጆ ነው የሚኖሩት። ወርቅነሽ እጇን አወናጨፈች። «አቃቂ ለግማሽ ቀን የተተከለ ድንኳን ሞጆ ድረስ ምን ያሰማል? ስብሰባው እንዳለቀ እናፈርሰዋለን።»

ጋሽ ወልደሚካኤል አሁንም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ይሄ ሟርት ነው፣ ልጄ። በሰው ልጅ ስም ሟርት ነው።»

ዳሲቱ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ነበር። የተንጠለጠለ እጅጌዋን በግራ እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ልታስገባ ስትታገል፣ እጅጌው ይወጣባታል፣ ታስገባዋለች፣ ይወጣባታል። ሽማግሌው ያዩዋታል። ከዚያ ብድግ ብለው ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አወረዱና «እነፋለሁ፤ ኃጢአቱን ግን ለእኔ ብቻ እንዳትተዉት» አሉ።

ማለዳ ነፉት። «ዕድርተኛ ስማ! የወርቅነሽ ወንድም ገብረጻድቅ በሥራ ላይ እንዳለ አርፏል! ለቅሶ ድረሱ!» ሠፈሩ ተደበላለቀ። ምስጢሩን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩና የብዙው ሰው ለቅሶ እውነተኛ ነበር፤ ለስብሰባ መሆኑ በጆሮው የተነገረው ድንኳኑ ከገባ በኋላ ነው። ያለምወርቅ የምትባል የወርቅነሽ የማሽን ጓደኛ ደረቷን እየደቃች ገብታ፣ እውነቱን በጆሮዋ ሲነግሯት ለቅሶውን ማቆም አቅቷት ስትንሰቀሰቅ ቆየች። ወርቅነሽ ፍራሽ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ማልቀስ ያቅተኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ «ወንድሜ፣ ገብሬ!» እያለ በላይዋ ሲወድቅ እንባዋ ሳትጠራው መጣ።

የሠፈሩ ፖሊስ አሥር አለቃም መጣ። ብዙ ሰው ተሰብስቧል ተብሎ ሊበትን ነው የመጣው፤ ድንኳኑን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ በሩ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ማን ተነስ ይበለው!

ስብሰባው እሱ ባለበት ሆነ። ቡልቻ አስተናጋጅ መስሎ ንፍሮ የያዘውን ትሪ ከመደዳ መደዳ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ፊት ዝቅ ብሎ «ነገ ሥራ እናቁም? የተስማማ ይዝገን» ይላል በሹክሹክታ። ሰው ይዘግናል። ያልዘገነ ያለ እንደሆነ ቡልቻ በዓይኑ ይይዘዋል፤ የያዘው ግን በጣት ከሚቆጠር አይበልጥም። ትሪው በሩ ዘንድ ሲደርስ አሥር አለቃው እጁን ሰድዶ ሞላ አድርጎ ዘገነ። ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ አፍኖት በነጠላ አፉን የያዘ ነበር፤ ሲያዩት የሚያለቅስ ይመስላል።

ወርቅነሽም ልትስቅ ምንም አልቀራት። በዚህ መሀል ከናዝሬት በኩል የመጣው ባቡር ጣቢያው ላይ ቆመ።

ድንኳኑ ከጣቢያው አጠገብ ነው፤ ሌላ ሜዳ የለም። ባቡሩ ሲቆም ተሳፋሪዎች እግራቸውን ሊያፍታቱ ይወርዳሉ፣ ውሃ ይገዛሉ፣ ለቅሶ ካዩ ደግሞ የማን ነው ይላሉ። ከእነሱ አንዷ ጠጄ ነበረች፤ የሞጆ ሰው፣ ቅቤ ነጋዴ፣ የወርቅነሽ እናት የወይዘሮ በላይነሽ የግድግዳ ጎረቤት። የሟቹን ስም በሩ ላይ ሰማችና የተሸከመችውን ቅል ጣለችው። «ወይኔ ገብሬ! ወይኔ አንድ ወንድ ለእናቱ!» እያለች ገብታ ወርቅነሽ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ወርቅነሽ ክው አለች። የጠጄ ጆሮ አፏ ሥር ነው፤ «ውሸት ነው፣ እትዬ ጠጄ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ግን ጠጄን ታውቃታለች። በልቧ ያለውን ሁሉ ጮክ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ «እንዴ ውሸት?» ብላ ብትጮህ አሥር አለቃው ንፍሮውን እንደያዘ ብድግ ይላል፣ ቡልቻም ጋሽ ወልደሚካኤልም ታስረው ይሄዳሉ፣ የዳሲቱም ነገር እዚያው ይቀበራል። ቆይ ትንሽ ትቀመጥ፣ ውጪ አውጥቼ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ባቡሩ ጮኸ። ጠጄ አዲስ አበባ የሚጠብቃት ደንበኛ ነበራትና እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሮጣ ተሳፈረች።

ወርቅነሽ የቀረውን ጊዜ ፍራሹ ላይ እንዴት እንደተቀመጠች አታውቅም። ጠጄ ቅቤዋን ሸጣ በከሰዓቱ ባቡር ወደ ሞጆ እንደምትመለስ ግን ታውቅ ነበር። ሰው በትና ጣቢያው ጋ ስትጠብቃት የከሰዓቱ ባቡር አቃቂ ላይ ሳይቆም እየበረረ አለፈ። እንደዚህ የሚያደርግበት ቀን ነበረው፤ ሰው ካልተሳፈረ ወይም ከዘገየ አይቆምም። በዚያን ዕለት ነው እንግዲህ ያልቆመው፤ ወደ ሞጆ የሚሄድ ሌላ ባቡር ደግሞ እስኪነጋ የለም።

አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት። እናት መርዶ በድንገት አትረዳም። ጠጄ ለሽማግሌዎች ትነግራለች፣ እነሱም እስኪነጋ አምቀው ይይዙታል፣ ጎህ ሲቀድ ነው በር የሚያንኳኩት። ከዚያ በፊት ገብረጻድቅ ራሱ እናቱ ደጃፍ ቢገኝ መርዶ የለም። ሞጆ ጣቢያ ደውሎ «ወሬው ውሸት ነው» ማስባሉ አይሆንም፤ በባቡሩ ስልክ የሚነገረውን በየጣቢያው ያለው ሁሉ ይሰማዋል፣ ሥራው ሳይቆም ነገሩ ከወጣ ደግሞ ጉድ ፈላ። ስለዚህ ጋሽ ወልደሚካኤል የጣቢያውን ሹም ለምነው አዋሽ ተደወለ። መልእክቱን ወርቅነሽ ራሷ ተናገረች፤ አጭርና ማንም ቢሰማው የማይጠረጥረው እንዲሆን አሰበችበት።

«ገብረጻድቅ ዛሬውኑ ሞጆ፣ እናቱ ቤት ይድረስ። እንዳያድር።»

ብልህ የሆነች መሰላት። እግዚኦ!

በማግስቱ ፋብሪካው ቆመ። የማለዳው ፊሽካ ሲነፋ የገባ ሰው አልነበረም፤ ሠራተኛው ሁሉ በሩ ላይ መሬት ተቀምጧል፣ ዳሲቱ ከፊት። ፖሊሶች መጡ፣ ቡልቻ የድምፁን ብዛት ነገራቸው። «መቼ ተሰበሰባችሁ?» ሲሉት «አሥር አለቃው ባለበት ነው» አለ፤ አሥር አለቃው ቀላ፣ ጠቆረ። ያን ሳቅ የሰማ ሰው አቃቂ ውስጥ እስካሁን ይናገርለታል። ወርቅነሽ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗ ጣቢያው ላይ ነበር።

ከሞጆ በኩል ባቡር መጣ። እናቷ ወረዱ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ግንባራቸው ተቧጥጦ ደም ደርቆበታል፣ ሁለት ሴቶች በግራ ቀኝ ደግፈዋቸዋል። ገብረጻድቅ ሞጆ አልደረሰም ማለት ነው። ወርቅነሽ ከተቀመጠው ሰው ላይ እየረገጠች ሮጠች።

«እማዬ! እማዬ ውሸት ነው! አልሞተም! ደህና ነው!»

ወይዘሮ በላይነሽ አፈጠጡባት። ወርቅነሽ ጉልበታቸውን ይዛ ሁሉንም አንድ ባንድ ነገረቻቸው፤ ዳሲቱን፣ ፖሊሱን፣ ድንኳኑን፣ እሱም ራሱ ግደሉኝ እንዳለ። እናት ሰምተው ሲጨርሱ በጥፊ አጮሏት። ደግመው አጮሏት። ከዚያ እልል አሉ። ጣቢያው መሀል፣ በተቧጠጠ ግንባራቸው፣ እልልታቸውን አቀለጡት፤ መሬቱን ሳሙ፣ የባቡሩን ብረት ሳሙ፣ የቆመውን ዘበኛ ሳይቀር ሳሙት። «ለስብሰባ ብለሽ? አንቺ የሰይጣን ልጅ፣ ለስብሰባ ብለሽ?» ይሏታል፣ ይስቃሉ። ወርቅነሽ ጉንጯ እየጋለ አብራ ሳቀች። በዕድሜዋ እንደዚያን ቀን ደስ ያላት ቀን አልነበረም።

«መንገድ ላይ ተላልፈን ነው» አሉ እናት ማታ ቤቷ ቁጭ ብለው። «ሞጆ ሄዶ ሲያጣኝ ነገ እዚህ ይመጣል። ያችን የበግ ወጥ ይወዳል፣ ነገ ሥጋ ግዢ።»

በነጋታው የመጣው በቀለ ነው። ወርቅነሽ ጣቢያው ላይ ቆማ ስትጠብቅ ከባቡሩ ቀድሞ ወረደና ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ጋሽ ወልደሚካኤል ሄደ። መርዶ ለሽማግሌ ነው የሚነገረው። ያን ስታይ ገባት።

ገብረጻድቅ መልእክቱ እንደደረሰው ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበታል። በስልክ መርዶ አይነገርም፤ በእኛ አገር እናቱ የሞተችበት ሰው «ዛሬውኑ ድረስ፣ እንዳታድር» ነው የሚባለው። ስለ ሐሰተኛው ለቅሶ ቢያውቅም ይህን ከዚያ ጋር ማን ያገናኘዋል? የመንገደኛ ባቡር እስኪመጣ አልጠበቀም። የዕቃ ባቡር ሲያልፍ ጣራው ላይ ወጣ። ሲወጣ ያዩት የሥራ ጓደኞቹ ተው ቢሉት «ሳልደርስ ይቀብሯታል» አላቸው። መተሐራ ሳይደርስ ባቡሩ ሲታጠፍ ወደቀ። አገሩ በረሃ ነው፤ ሬሳ አያሳድርም። እዚያው መተሐራ ቀበሩት፤ በቀለ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበር።

ጋሽ ወልደሚካኤል ጥሩምባውን አውርደው መልሰው ሰቀሉት። ግን ነፉት። ያንኑ ስም ጠሩ፣ «በሥራ ላይ እንዳለ» የምትለዋን ብቻ አስቀሩ።

ሰው መጣ። ከመጀመሪያው ይልቅ በዛ። የመጣው ግን ዓይኑ ደርቆ፣ እየተጠቃቀሰ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ተቀምጦ የነበረ ሠራተኛ አዲስ ነገር አለ ብሎ ተንጋግቶ ድንኳኑን ሞላው፤ «ስለ ምን ነው የዛሬው?» ይባባላል በሹክሹክታ፤ አንዳንዱ ለወጉ ያህል ደረቱን መታ መታ ያደርጋል። ያለምወርቅ ወርቅነሽን አቅፋ «ዛሬስ አላታለልሽኝም» አለቻት በጆሮዋ። ወርቅነሽ «ሞቷል» አለች። ያለምወርቅ «አዎ፣ አዎ» ብላ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረገችው። ወርቅነሽ ጮኸች። ድንኳኑ «ጎበዝ ናት» በሚል ዓይን አያት። ቡልቻ ትሪውን ይዞ ሲመጣ ሰው ፈገግ እያለ ንፍሮውን ዘገነ፣ አንዱማ «ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» አለው። ቡልቻ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠና መሀል ድንኳን ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰው በእጁ የያዘውን ንፍሮ የት እንደሚጥለው ጠፋው።

እናት ግን አልተቀመጡም። በቀለ ፊታቸው ተንበርክኮ የቀበረበትን አካፋ ሳይቀር ነገራቸው፤ የልጃቸውን ቀበቶ አሳያቸው። ወይዘሮ በላይነሽ ቀበቶውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ሰዉ፣ ወደ ወርቅነሽ ተመለከቱ። ፊታቸው ላይ ቁጣም አልነበረም፤ የደከማቸው ብቻ ይመስሉ ነበር።

«ስብሰባችሁ አላለቀም እንዴ?» አሉ። የተዘቀዘቀ ነጠላ የያዘችላቸውን ሴት ገፋ አድርገው፣ ነጠላቸውን እንደ ደህና ቀን አጣፍተው ወደ ጣቢያው ሄዱ።

ሥራ ማቆሙ ተሳካ። አለቆቹ ሰንብተው እጃቸውን ሰጡ፤ ዳሲቱ ካሣዋን አገኘች፣ በግራ እጇ የምትሠራው ሥራም መጋዘን ውስጥ ተሰጣት። እስከ ዛሬ ድረስ ወርቅነሽን ባየች ቁጥር ዓይኗን መሬት ላይ ታደርጋለች። ምን ታድርግ፣ እሷ ምን አጠፋች? ወርቅነሽ መተሐራ ወርዳ መቃብሩን አይታ መጥታለች። እናቷን አብረን እንሂድ ብትላቸው «ልጄ ሲመጣ እዚህ እንዳያጣኝ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሞጆም አልተመለሱም። ባቡር በመጣ ቁጥር አቃቂ ጣቢያ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ የሚወርደውን ሰው አንድ ባንድ ያያሉ።

ምክር ቤቱ ከዚያ በኋላ በፈቃድ መሰብሰብ ጀመረ። ከወሰኑት የመጀመሪያው ነገር ወይዘሮ በላይነሽ ጣቢያው ላይ ብቻቸውን እንዳይውሉ አባላቱ ተራ ይዘው አብረዋቸው እንዲቀመጡ ነበር፤ ለቀብር እንደሚወጣው ተራ። ያለምወርቅ ትቀመጣለች፣ ቡልቻ ይቀመጣል፣ ጋሽ ወልደሚካኤል ተራቸውም ሳይሆን ይቀመጣሉ። ጥሩምባውን ለሌላ ሰው አስረክበዋል።

የወርቅነሽ ተራ በደረሰበት አንድ ቀን የድሬዳዋው ባቡር መጥቶ ሰው አራግፎ ሄደ። እናቷ የመጨረሻው መንገደኛ በር ወጥቶ እስኪሰወር ተከትለው አዩት። ከዚያ እጇን ያዙና፣ ሰው እንዳይሰማባቸው ብለው ወደ ጆሮዋ ዝቅ አሉ።

«ወርቄ፣ አንቺን ይሰሙሻል። ስብሰባው አልቋል በያቸው። አሁን ልጄን ይልቀቁልኝ።»

ወርቅነሽ «እሺ እማዬ፣ እነግራቸዋለሁ» አለች።